የተቀዳ ድምፅ እንዳይጠፋና እንዳይበላሽ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

የሰው ልጅ ከሚሠራቸው ነገሮች ሁሉ ቶሎ አላፊው ድምፅ ነው። ቤት የሠራ ሰው ቤቱ ይቀርለታል፤ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ብራናው ይቆይለታል፤ ያዜመ ሰው ግን ዜማው ከአፉ እንደ ወጣ ከነፋስ ጋራ ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ አባቶቻችን ድምፅን የሚያስቀሩበት ዘዴ ሁለት ብቻ ነበረ፤ አንደኛው በተማሪ ልብ ማሳደር፣ ሁለተኛው በምልክት መጻፍ። በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ በሦስት የተከፈለውን ዜማ እንዳስተማረ ሲነገር የኖረ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመንም አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት በድጓው ላይ እንዳደላደሉ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ይሁን እንጂ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ርክርክ የሚባሉት ምልክቶች ለሚያውቀው ሰው ዜማውን ያስታውሱታል እንጂ ለማያውቀው ሰው አያሰሙትም። የመምህሩን ጉሮሮ በብራና ላይ መሣል አይቻልምና።

በኋለኛው ዘመን ግን ሦስተኛ መንገድ ተገኘ፤ እርሱም ድምፅን በመሣሪያ መቅዳት ነው። ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ከሾላ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዚያም ሽቅብ እስከ እንጦጦ ጥግ ድረስ ያሉትን ቤቶች ብንፈትሽ፣ በብዙው ቤት ካልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ራስ ላይ አቧራ የጠጣ የካሴት ሣጥን ማግኘታችን አይቀርም። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ መዛግብት ዘንድም እንዲሁ ነው። በነዚያ ካሴቶች ውስጥ የሌሊት ማኅሌት አለ፤ የበገና ድርደራ አለ፤ የሠርግ ዘፈንና የለቅሶ ሙሾ አለ፤ ያረፉ አባቶች ምክር አለ። ይህ ሁሉ ሀብት ዛሬ ወደ ስልክና ወደ ኮምፒዩተር በመገልበጥ ላይ ነው። መገልበጡ መልካም ነው፤ አገለባበጡ ግን ብዙ ጊዜ መልካም አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ለመግለጽ ነው።

ለዚህ ሐሳብ ያነሣሣኝን ነገር በአጭሩ ልናገር። አጎቴ ድጓ መምህር ነበሩ። ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ከድምፃቸው የቀረልን አንድ የዘጠና ደቂቃ ካሴት ብቻ ነበረ፤ እርሱም በአንድ በዓል ሌሊት ማኅሌት ሲመሩ የተቀዳ ነው። እኔም ይህ ድምፅ በካሴት እንዳይበላሽ በማሰብ፣ ካሴት ወደ ሚሞሪ እንገለብጣለን ከሚሉት ሱቆች ለአንዱ ሰጠሁት። ባለ ሱቁም በማግሥቱ «ድምፁን አጽድቼልሃለሁ» ብሎ መለሰልኝ። በእውነቱ ባንድ ጊዜ ስሰማው ደስ አለኝ፤ ካሴቱ ላይ የነበረው «ሽ» የሚል ድምፅ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበርና።

ከዚያም የአጎቴ ደቀ መዝሙር ወደ ነበሩ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ዘንድ ወስጄ አሰማኋቸው። እርሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ካዳመጡ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ዜማው የመምህሬ ነው፤ ነገር ግን የርሳቸው ድምፅ ወፍራም ነበረ፤ ይህ የወጣት ድምፅ ይመስላል። ጽናጽሉስ ወዴት ሄደ? እርሳቸው የሚያነሡትን ለማወቅ እኛ የምንጠብቀው ትንፋሻቸውን ነበረ፤ እሱም የለም።» ወዲያውም ነገሩ ገባኝ። ካሴቱ ሲገለበጥ ማጫወቻው ከልኩ በላይ ይፈጥን ነበረ፤ ጽዳት የተባለውም ሥራ ሽታውን ከነአበባው ነቅሎ ጥሎታል። ዋናውን ካሴት ለማስመለስ ወደ ሱቁ ብሮጥ፣ «ከተገለበጠ በኋላ ምን ይሠራል ብለን ጣልነው» አሉኝ። ጥፋቱን በባለ ሱቁ ላይ ብቻ አላደርገውም፤ ካሴቱን ወደ ቤት መልስልኝ ሳልል መሄዴ የኔ ጥፋት ነው። ዳሩ ግን ይህ ነገር የኔ ብቻ እንዳልሆነ ጠይቄ ተረድቻለሁ።

የስሕተቱ ሥር አንድ የተሳሳተ እምነት ነው። እርሱም «ዲጂታል የሆነ ድምፅ ሁሉ የጠራ ነው፤ ባይጠራም በኋላ ሊሻሻል ይችላል» የሚል ነው። ይህ እምነት እንዳያሳስተን ነገሩን ከመሠረቱ መመልከት ያስፈልጋል።

ዲጂታል ማለት ድምፅን በቍጥር መጻፍ ማለት ነው። መሣሪያው የድምፁን ሞገድ በየሴኮንዱ ብዙ ሺህ ጊዜ እየለካ ልኩን ይመዘግባል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ለገበያ የወጣው ሲዲ በአንድ ሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ ለያንዳንዱም ልክ 65,536 ደረጃዎች አሉት። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ነውና፣ ለያንዳንዱ ርግብግቢት ከሁለት የሚበልጥ ልክ ከተገኘለት ድምፁን መልሶ ማስገኘት ይቻላል። የሲዲው ቍጥር የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ የተጻፈ ድምፅ በሴኮንድ 1,411,200 ቢት ይይዛል።

ይህ ለትንንሽ ስልክና ለቀርፋፋ መስመር ከባድ ስለ ሆነ ኤም ፒ ስሪ የሚባለው ዘዴ ተፈለሰፈ። ኤም ፒ ስሪ ጆሮ አያስተውለውም ብሎ የሚገምተውን እየቀነሰ ድምፁን ያሳንሳል። ብዙ ሰው በሚይዘው በ128,000 ቢት ልክ ሲሆን፣ የቀረው ከሲዲው ከአሥራ አንድ አንድ እጅ ብቻ ነው። ለመንገድ መስሚያ ይህ ሊበቃ ይችላል። ጉዳቱ የሚመጣው ይህ የሳሳ ቅጂ ዋና ሆኖ ሲቀመጥ ነው። አንዱ ለሌላው ሲልከው፣ ያም በሌላ ፕሮግራም ሲቈርጠውና እንደገና ሲያስቀምጠው፣ በየጊዜው ከቀረውም ላይ እየተቀነሰ ይሄዳል።

ካህናቱ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ጸሓፊ ከቅጂ ቅጂ፣ ከዚያም ቅጂ ሌላ ቅጂ እየጻፈ ቢሄድ፣ የመጀመሪያው ያጐደለውን ሁለተኛው አይመልሰውም፤ የራሱን ግድፈት ይጨምርበታል እንጂ። የታረመ መጽሐፍ የሚፈልግ ሊቅ ወደ ዋናው ብራና ይመለሳል። የድምፅም ነገር ከዚህ አይለይም።

እንግዲህ «ኤም ፒ ስሪውን ወደ ትልቅ ፋይል ቀይሬ ጥራቱን ከፍ አደርገዋለሁ» የሚል ሰው ምን እያደረገ እንደ ሆነ ማስተዋል አለበት። ከማድጋ የተቀዳ ጠላ ወደ ጋን ቢገለበጥ ጋኑ ሰፊ ነው እንጂ ጠላው አልበዛም። የፈሰሰ ውሃም አይታፈስም። ፍላክ የተባለው፣ ድምፁን ሳያጐድል የሚያሳንሰው ዘዴ ስንኳ የተሰጠውን ይጠብቃል እንጂ ያልተሰጠውን አይፈጥርም።

ታዲያ የድምፅ ጥራት በምን ይሻሻላል? መልሱ አንድ ነው፤ ወደ ምንጩ በመመለስ ይሻሻላል። ዋናው ካሴት በእጃችን እስካለ ድረስ ብዙ የጠፋ የመሰለ ድምፅ ተመልሶ ሊሰማ ይችላል።

መጀመሪያ፣ አንድ ዜማ በብዙ ካሴት ቢገኝ የተሻለው ያለ ጥርጥር ከዋናው ቀረጻ የቀረበው ነውና እርሱን መምረጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ የማጫወቻውን ራስ በአልኮልና በጥጥ መጥረግ ያስፈልጋል፤ በራሱ ላይ የተለጠፈ ቍሻሻ ቴፑን ከራሱ ስለሚያርቀው ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ ይጋርደዋልና። ሦስተኛ፣ የራሱን አቀማመጥ ማቅናት ያሻል። የካሴት ቴፕ ስፋቱ 4 ሚሊሜትር ስንኳ አይሞላም፤ ድምፁን የሚያነበው ቀዳዳ ከተቀዳበት አቅጣጫ ጥቂት ያዘነበለ እንደ ሆነ ጽናጽሉና የቃሉ ጥርት ያለ አነጋገር ይደበዝዛል። ባለሙያ ሰው ትንሿን ቡሎን በመፍቻ ጥቂት ቢያዞራት፣ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ይመስል የነበረው ድምፅ ባንድ ጊዜ ይገለጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ዕውቀትና ትዕግሥት ነው።

አራተኛው የፍጥነት ነገር ነው። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሳንቲሜትር እንዲሄድ የተሠራ ነው። ከመቶ ስድስት እጅ ቢፈጥን፣ በፒያኖ ላይ ካንዱ ቍልፍ እስከሚቀጥለው ድረስ ያለውን ርቀት ያህል ድምፁ ከፍ ይላል። ሽማግሌው መሪጌታ «የወጣት ድምፅ ይመስላል» ያሉት ይህን ነው። ለማረም የሚረዳ አንድ ምስክርም አለ፤ የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ይርገበገባልና፣ ከመብራት ጋራ ተያይዞ በተቀዳ ካሴት ውስጥ ብዙ ጊዜ የእምታ ድምፅ ይገኛል። ይህ እምታ በኮምፒዩተር ሲለካ 53 ሆኖ ቢገኝ ካሴቱ ፈጥኗል፤ 47 ቢሆን ዘግይቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ማስረጃ በመጀመሪያው ቅጂ ውስጥ ይኖራል፤ «በጸዳው» ፋይል ውስጥ ግን አስቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነው።

አምስተኛ፣ ድምፁ ወደ ቍጥር ሲለወጥ ልኩ የታወቀ ነው። የዓለም አቀፍ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ለመዛግብት የሚሆን ቅጂ በሴኮንድ 96,000 ጊዜ፣ በ24 ቢት እንዲለካ፣ ቢያንስ ከ48,000 እንዳይወርድ ይመክራል። ከበሮው ሲመታ ልኩ ሞልቶ እንዳይፈስ መቅጃውን ዝቅ አድርጎ መቅዳትም ይገባል፤ ራሱ የተቈረጠ ሞገድ እንደ ተሰበረ ድምፅ ሆኖ ይቀራልና። በዚህ ልክ የተቀዳ አንድ ሰዓት ሁለት ጊጋባይት ያህል ነው። አንድ ሺህ ሰዓት ቢሆን ሁለት ቴራባይት ያህል ይሆናል፤ ይህም ሁሉ በመዳፍ በሚያዝ አንድ ዲስክ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ «ቦታ የለም» የሚለው ምክንያት በዛሬ ዘመን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ስለ ጽዳት ደግሞ በተለይ ልናገር እወዳለሁ። ድምፅ የሚያጸዱት ፕሮግራሞች የተሠሩት በሌላ አገር ሙዚቃ ልምድ ነው። እነርሱም ሳያቋርጥ የሚንሿሿውን ድምፅ ሁሉ እንደ ጕድፍ ይቈጥሩታል። የኛን በገና ተመልከቱ። በአሥሩ አውታሮች ሥር እንዚራ የሚባሉት ቍራጭ ቆዳዎች የሚገቡት አውታሩ ጥርት ብሎ እንዳይጮኽ፣ ይልቁንም እንዲነዝር ነው። ያ ንዝረት የበገናው ሕይወት ነው፤ ማሽኑ ግን ከካሴቱ ሹክሹክታ ለይቶ አያውቀውም። የጽናጽልም ነገር እንዲሁ ነው፤ ድምፁ በቅጽበት ተነሥቶ በቅጽበት የሚጠፋ ስለ ሆነ በሳሳ ኤም ፒ ስሪ ውስጥ እንደ ተረጨ ውሃ ይበተናል። የማሲንቆ የጭራ ፍትጊያ፣ የዋሽንት ትንፋሽ፣ የመምህሩ ጉሮሮ ጥራጊ፣ ከማኅሌቱ በስተጀርባ የሚሰማው የምእመናን እልልታ፣ ይህ ሁሉ ለማሽኑ ጕድፍ ነው፤ ለኛ ግን ምስክር ነው። ማጽዳት ፈጽሞ ይቅር አልልም። ማጽዳት ያለበት ግን ልጁ ነው፤ እናቲቱ ሳትነካ ትቀመጥ። ዋናው ቅጂ እንዳለ ይጠበቅ፤ ከርሱ ላይ የሚገለበጠውን የፈለገ ያጽዳው፤ ያሳንሰው፤ በስልኩ ይያዘው።

ድምፅን ማጕላትም ማሻሻል አለመሆኑ መታወቅ አለበት። በየምሰሶው የሚሰቀለው የቀንድ ድምፅ ማጉያ ቃልን ወደ ሩቅ ለማድረስ የተሠራ ነው፤ የከበሮውን ወፍራም ድምፅ ማውጣት አይችልም። ከልኩ በላይ ሲገፋም ቃሉ ራሱ ይሰነጠቃል፤ ጎረቤት ይታወካል እንጂ ትምህርቱ አይሰማም። እንደዚህ ካለው ማጉያ ፊት በስልክ የሚቀዳ ማኅሌትም ከመነሻው የተበላሸ ነው። ማይክሮፎኑን ከሊቃውንቱ ፊት በልክ ርቀት አቁሞ፣ በማይቀንስ ፋይል መቅዳት፣ በኋላ በብዙ ገንዘብ ከሚደረገው ጥገና ሁሉ ይበልጣል።

የታሪካችንም ምስክርነት ይህንኑ ያስረዳል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በጀርመን አገር በሸክላ የተቀዱት ዘፈን ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቀረጻዎች አንዱ ነው። ያ ድምፅ ከመቶ ዓመት በኋላ በ2011 በፈረንሳይ አገር በሚታተመው ኢትዮፒክ በተባለው ተከታታይ ስብስብ ታትሞ ለመሰማት የበቃው ሸክላዎቹ ስላልተጣሉ ነው። አምሐ እሸቴ የሸክላ ማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን፣ በ1961 ዓመተ ምሕረት ገደማ ደፍሮ ያሳተማቸው ከመቶ የሚበልጡ ሸክላዎችም እንደዚሁ የዛሬው ትውልድ መስሚያ ሆነዋል።

የካሴትን ታሪክ ብንመለከት ደግሞ ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአውሮፓ አቆጣጠር አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ በዋሽንግተን የቀዳው አንድ ካሴት አለ። ይህን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ገበያ ላይ አገኘው፤ በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ታክሲ ይነዳ የነበረው ሙዚቀኛም ተመልሶ በዓለም መድረክ ላይ ቆመ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት፣ በአዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ሆነው በካሴት የቀዱት መዝሙር ከዕረፍታቸው በኋላ በ2024 ለዓለም ተሰማ። እንግዲህ አንድ ሰው «ከተገለበጠ ምን ይሠራል» ብሎ እነዚህን ካሴቶች ጥሏቸው ቢሆን ኖሮ ምን በቀረልን ነበር? የሚያሳዝነውስ ፈልገው ያገኙት፣ ጠብቀው ያሳተሙት ብዙ ጊዜ የባዕድ አገር ሰዎች መሆናቸው ነው። ለነርሱ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ለኛ ግን ተግሣጽ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። አንዳንድ ሊቃውንት «ዜማ የሚጠበቀው በተማሪ ልብ ነው፤ ቤተልሔም ድጓውን፣ ዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕቱን ጠብቀው የቆዩት ያለ ካሴት ነው» ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ መሣሪያ መምህርን ሊተካ አይችልም። ነገር ግን ተማሪው ከመምህሩ የተቀበለውን ካረጀ በኋላ መምህሩን መጠየቅ ሲያቅተው፣ የመምህሩን ድምፅ ቢያገኝ ይጠቅመዋል እንጂ አይጐዳውም። የቤተልሔምን፣ የቆማንና የአጫብርን የዜማ ልዩነት ለሚመረምር ሰውም ከየስፍራው የተቀዳ የቆየ ድምፅ ዋና ማስረጃ ነው። ለዚህ ግን ድምፁ የታመነ መሆን አለበት፤ የፈጠነና የታጠበ ድምፅ ምስክር ሳይሆን ሐሰተኛ ምስክር ነው።

ሌሎች ደግሞ «ብዙ ችግር ባለበት አገር ይህ የቅንጦት ሥራ ነው፤ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» ይላሉ። ለነዚህ የምመልሰው እንጦጦን እንዲመለከቱ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓመተ ምሕረት አገራችን የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና አገር ወደ ሰማይ ስትልክ፣ ሹማምንቱና ሊቃውንቱ ተሰብስበው ያዩት በእንጦጦ የሕዋ ምርምር ጣቢያ ነበረ። በተራራው ራስ ላይ ከሰማይ የሚመጣ መልእክት ለመቀበል የሚበቃ ዕውቀት ያላት ከተማ፣ በተራራው ግርጌ በሣጥን ውስጥ ያለውን የአባቶች ድምፅ ለመቀበል አቅም አጣሁ ብትል ማን ያምናታል? የሚያስፈልገው ሁለት በደንብ የታደሱ የካሴት ማጫወቻዎች፣ አንድ መልካም ወደ ቍጥር መለወጫ፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ ሦስት ዲስክና ሁለት የሠለጠኑ ወጣቶች ናቸው። ይህ የአንድ መሥሪያ ቤት የአንድ ስብሰባ ወጪ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

የሚያስቸኩለን ምክንያትም አለ። ዩኔስኮና ከላይ የጠቀስሁት የመዛግብት ማኅበር በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ባወጡት የማስጠንቀቂያ ጥሪ፣ ማጫወቻዎቹና መለዋወጫቸው ከዓለም እየጠፉ ስለሚሄዱ በቴፕ ላይ ያለው ድምፅ ሁሉ እስከ 2025 ድረስ ካልተገለበጠ ብዙው ሊጠፋ እንደሚችል አስታውቀው ነበር። ያ ዓመት መጥቷል። ቴፑ ራሱ ይሻግታል፤ መግነጢሱ የተለጠፈበት ሙጫ ይለቅቃል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ማጫወቻ የሚጠግኑት ባለሙያዎች እያረጁ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ካሴቱ ቢኖር ስንኳ የሚያነበው መሣሪያና መሣሪያውን የሚያቀናው እጅ አይኖርም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንግዲህ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሦስት ወገኖች ሦስት ነገር ቢያደርጉ መልካም ይመስለኛል።

የቤት ባለቤት የሆነ ሁሉ ካሴቱን አይጣል። ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከድምፅ ማጉያ አጠገብ አርቆ፣ አቁሞ ያስቀምጠው። በላዩም ማን እንዳዜመው፣ የት እንደ ተቀዳ፣ በየትኛው ዓመትና በዓል እንደ ሆነ ይጻፍበት፤ ስም የሌለው ድምፅ ግማሹ የጠፋ ነውና። ለማስገልበጥ ሲሰጥ «ሳይጸዳ፣ ሳያንስ፣ ከነካሴቱ መልስልኝ» ብሎ ይስጥ። ለዘመድ በስልክ ሲልክም በድምፅ መልእክት መልክ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላከው፤ በድምፅ መልእክት የተላከ መንገድ ላይ ይሳሳልና።

ካህናትና የሰንበት ትምህርት ቤት መሪዎች ደግሞ በየአጥቢያው ያለውን ካሴት ይመዝግቡ። የተገለበጠውን ለሽማግሌ መሪጌቶች እያሰሙ ድምፁ የማን እንደ ሆነ፣ ፍጥነቱም ትክክል እንደ ሆነ ያስመስክሩ። በዚህ ሥራ ላይ ከመለኪያ መሣሪያ ሁሉ የሚበልጠው የደቀ መዝሙር ጆሮ ነው፤ ይህም ጆሮ ለዘለዓለም አይቆይም። በሕይወት ያሉትን መምህራንም ዛሬውኑ፣ በጸጥታ ስፍራ፣ በመልካም ማይክሮፎን ይቅዱ።

ሹማምንት በበኩላቸው፣ የየካ ክፍለ ከተማ የባህል ሥራ ኃላፊዎች ቀዳሚ ሆነው፣ ሕዝቡ ካሴቱን አምጥቶ በፊቱ አስገልብጦ የሚመለስበትን አንድ ክፍል በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቢያዘጋጁ ለሌሎቹ ክፍላተ ከተማ አርኣያ ይሆናሉ። ከያንዳንዱ ቅጂ ሦስት ይደረግ፤ አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ በክፍሉ፣ አንዱም ባለቤቱ ሲፈቅድ ራቅ ባለ ስፍራ፣ ለምሳሌ በወመዘክር ይቀመጥ። አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው እንዲተርፍ ነው። የዘፋኝና የአሳታሚ መብት በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የተጠበቀ ስለ ሆነ፣ ይህ ክፍል የመጠበቂያ እንጂ የመነገጃ ስፍራ እንዳይሆን ደንቡ ከመጀመሪያው ይጻፍለት።

ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓመተ ምሕረት በእንጦጦ ማርያም ሲነግሡ የተዘመረውን ዝማሬ ዛሬ ሊያሰማን የሚችል ማንም የለም። ከዚያ በኋላ በ1898 በአውሮፓ አቆጣጠር የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፅዋን በፎኖግራፍ ቀድታ ልካላቸው ነበር፤ ከተሰማ በኋላ ግን ቅጂው እንዲጠፋ በመደረጉ ያ ቃል ለዘለዓለም ዝም አለ። ለመጀመሪያው ጥፋት አባቶቻችን አይወቀሱም፤ መሣሪያው አልነበራቸውምና። ለሁለተኛውም ምክንያቱ የንግሥቲቱ ፈቃድ ነው። እኛ ግን መሣሪያው በእጃችን፣ ካሴቱ በሣጥናችን፣ ምስክሮቹም ሽማግሌዎች በጎረቤታችን እያሉ ብናጠፋው የምናቀርበው ምክንያት የለም።

የአጎቴ ካሴት አይመለስም። በስልኬ ውስጥ የቀረው ፈጣንና የታጠበ ድምፅ ነው፤ እርሱንም አልጣልሁትም፤ ከምንም ይሻላልና። በየቤታችሁ ያለው ግን ገና አልጠፋም። ይህን ያነበበ ሰው ዛሬ ማታ ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ ያለውን ሣጥን አውርዶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ በየካሴቱ ላይ የባለ ድምፁን ስም ቢጽፍ፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።